ጠንካራ የጎ ፕሮግራም ሲገጥሙ፦ ባለሙያዎቹ የሞከሩት፣ የሠራውና ያልሠራው

ፕሮግራሙን በመጨረሻው ደረጃ ላይ አድርጎ ጎ (ጥቁርና ነጭ ጠጠር እየተቀመጠ ግዛት የሚያዝበት የሰሌዳ ጨዋታ) የሚጫወት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በአንድ ከባድ ስሕተት አይደለም። እዚህ ሁለት ነጥብ፣ እዚያ ሦስት ነጥብ እያለ ይሸረሸርና 120ኛው ጠጠር ላይ ቆም ብሎ ሲቆጥር ነገሩ አብቅቷል። ባለሙያዎቹ ላይም የደረሰው ይኸው ነው። ልዩነቱ የእነሱ ጨዋታ ጠጠር በጠጠር ተመዝግቦ መቀመጡና ማንም አውርዶ ሊመረምረው መቻሉ ነው። ኮሪያዊው ሊ ሴዶል በማርች 2016 ሴኡል ላይ ዲፕማይንድ የተባለው ድርጅት ከሠራው ከአልፋጎ ፕሮግራም ጋር ያደረጋቸው አምስት ጨዋታዎች (4 ለ 1 ተሸንፏል) እና ቻይናዊው ኬ ጄ በሜይ 2017 በቻይናዋ ዉዠን ያደረጋቸው ሦስት ጨዋታዎች (3 ለ 0 ተሸንፏል) ለትምህርት ከበቂ በላይ ናቸው።

የሚከተለው መሠረታዊ ደንቡን ለሚያውቅ ነው፤ ሁለት ዓይን ያለው ቡድን እንደማይሞት፣ ኮ ምን እንደሆነ፣ በ19 በ19 ሰሌዳ ላይ ግዛት እንዴት እንደሚቆጠር ለገባው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ማወቅ

አልፋጎ ሁለት ኒውራል ኔትወርክ ነበረው። አንዱ «በዚህ ቅርጽ ላይ ሊታሰቡ የሚገባቸው ጠጠሮች እነዚህ ናቸው» ይላል፤ ሌላው «ከዚህ ቦታ ተነስቶ የማሸነፍ ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ብሎ ይገምታል። ፍለጋው በሁለቱ እየተመራ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ወደፊት ይሄዳል። ልብ በሉ፣ የሚያሰላው የማሸነፍ ዕድልን እንጂ የነጥቡን ብዛት አይደለም። በግማሽ ነጥብ ማሸነፍና በ30 ነጥብ ማሸነፍ ለእሱ አንድ ነው።

ከዚህ የሚመጣው መዘዝ በጨዋታው መጨረሻ ላይ ይታያል። እየመራ ያለ ፕሮግራም ነጥብ እየጣለ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ፣ አደጋ ያለበትን ቦታ ሁሉ እየዘጋ ይጫወታል። ሰውየው ደግሞ «ደረስኩበት» ብሎ ልቡ ይሞላል። ኬ ጄ የመጀመሪያውን ጨዋታ የተሸነፈው በግማሽ ነጥብ ነው። ውጤቱን ብቻ ያየ ሰው «ለጥቂት ነው» ይላል፤ ነገር ግን አልፋጎ ልዩነቱን እያጠበበ የመጣው ድሉ የተረጋገጠ መሆኑን ስላየ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲያፈገፍግ ደስ አይበልዎት፤ ይቁጠሩ። በ50ኛው፣ በ100ኛውና በ150ኛው ጠጠር ላይ የሁለቱንም የተረጋገጠ ግዛት ብቻ ይደምሩ፣ ለነጭ 7.5 ኮሚ ይጨምሩ። ኮሚ ማለት ጥቁር ቀድሞ በመጀመሩ ለነጭ የሚሰጥ ማካካሻ ሲሆን፣ አልፋጎ ከሊም ሆነ ከኬ ጄ ጋር የተጫወተው በቻይና ደንብ በዚሁ 7.5 ነው።

ዛሬ በነፃ የሚገኘው የጎ ፕሮግራም ካታጎ ከማሸነፍ ዕድል ጎን ለጎን ነጥብም ያሰላል። በመሆኑም እንደ አልፋጎ አያፈገፍግም፤ ለትምህርትም የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መክፈቻ ላይ ያልተለመደ ጠጠር አያድንም

ሊ በመጀመሪያው ጨዋታ 7ኛዋን ጠጠር ሆን ብሎ ካልተለመደ ቦታ አስቀመጠ። ሐሳቡ ፕሮግራሙን ከለመደው መንገድ ማስወጣት ነበር። አልሠራም። በዚህ ረገድ የድሮዎቹ የቼዝ ፕሮግራሞች ትዝታ ያሳስታል፤ አልፋጎ እየገለጠ የሚያነበው የመክፈቻ መጽሐፍ አልነበረውምና እንግዳ ጠጠር ሲያይ ግራ አይጋባም። ጠጠሯ ሁለት ነጥብ ካባከነች ሁለት ነጥቡን ይወስዳል፣ በቃ።

ይልቅ ከፕሮግራሞቹ የሚወሰድ ነገር አለ። ዋናው ወደ 3-3 ነጥብ በጊዜ መግባት ነው። ተቃዋሚዎ በማዕዘኑ 4-4 ላይ ጠጠር አለው እንበል። እርስዎ ከሥሩ 3-3 ላይ ይገባሉ፤ እሱ በአንደኛው ጎን ይዘጋብዎታል፤ እርስዎ በሌላው ጎን በሦስተኛው መስመር አንድ ይራመዳሉ፤ እሱም ከላይዎ ሆኖ አብሮ ይራመዳል። እስከዚህ ድረስ የድሮውም የአሁኑም አንድ ነው። በድሮው ጆሴኪ (ጆሴኪ ማለት በማዕዘን ላይ ለሁለቱም ወገን ተመጣጣኝ ተብሎ የተለመደ ቅደም ተከተል ነው) ቀጥሎ በሁለተኛው መስመር ዞረው ወደ ውጭ ያጎነብሳሉ፣ እሱ ይዘጋል፣ እርስዎ ጠጠሮችዎን ያገናኛሉ፣ እሱም የራሱን ያገናኛል። ያኔ የእሱ ግድግዳ ቀዳዳ አይኖረውም። አስተማሪዎች «ወደ 3-3 አትቸኩሉ» ሲሉ የኖሩት በዚህ የተነሳ ነው። ፕሮግራሞቹ ያስተማሩት ያንን የመጨረሻ ልውውጥ መተው ነው። ማዕዘኑን ያዙ፣ ግድግዳውን በገዛ እጅዎ አያጠናክሩለት፣ ተነስተው ወደ ሌላ ትልቅ ቦታ ይሂዱ።

የሚበላሸው የት ነው? መጀመሪያ፣ ግድግዳው ፊቱን ያዞረበት ጎን ላይ የተቃዋሚው ጠጠሮች ቀድመው ተደርድረው ከሆነ የሰጡት ግድግዳ ሰፊ ሞዮ (ግዛት ሊሆን የሚችል፣ ገና ያልተዘጋ ቦታ) ይሆንለታል፤ የእርስዎ ጠጠር እዚያ ካለ ግን ግድግዳው የሚሠራው የለውም። ሁለተኛ፣ ልውውጡን ስለተዉት ተቃዋሚው በኋላ በሁለተኛው መስመር ሲወርድ ማዕዘኑ መልስ ሊፈልግ ይችላል። ይህን ረስተው ሌላ ቦታ ከተጫወቱ ሙሉ ማዕዘን ይሞታል። ጀማሪዎች ቅደም ተከተሉን ቀድተው ይህቺን ማስጠንቀቂያ ይተዋሉ።

ሌላው በሁለተኛው ጨዋታ የታየችው 37ኛዋ ጠጠር ናት። አልፋጎ በጥቁር፣ በአራተኛው መስመር ላይ ያለውን የሊ ጠጠር ከአምስተኛው መስመር ሆኖ ትከሻውን መታ፤ ማለትም ከበላዩ በሰያፍ አጠገቡ ጠጠር አስቀመጠ። በቀድሞው ትምህርት ይህ ኪሳራ ነው፤ ነጭ በአራተኛው መስመር ወፍራም ግዛት ያገኛልና። የአልፋጎ ሠሪዎች በኋላ እንደገለጹት፣ ፕሮግራሙ ራሱ ሰው ይህን ጠጠር የመጫወት ዕድሉን ከ10,000 አንድ አድርጎ ነበር የገመተው። ሊ መልስ ለመስጠት ከአሥር ደቂቃ በላይ ፈጀ። ጠጠሯ የምትሠራው በዚያ ጎን ባለው ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ከሌሎቹ የጥቁር ጠጠሮች ጋር ሆና መሀሉን ታያይዛለች። እንዲህ ያለውን ጠጠር ከመቅዳትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ከሌሎቹ ጠጠሮቼ ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ ትገናኛለች? መልሱ «አይ» ከሆነ በነፃ የተሰጠ ግዛት ነው።

ቀድሞ መዋጋት ወይስ መጠበቅ

በሦስተኛው ጨዋታ ሊ ከመጀመሪያው አንስቶ አጠቃ። አልፋጎ ቡድኑን በቀላሉ አመቻችቶ ያጠቃውን ወገን ራሱን ደካማ አደረገው። በጨዋታው ማብቂያ ላይ ኮ ሲነሳም ያለ ችግር ተዋጋ፤ «ኮ አይወድም» የተባለው ወሬ እዚያው አከተመ። ግልጽ በሆነ ጦርነት፣ ሁለቱም ወገን ለመቁጠር የሚችለው ቅደም ተከተል ባለበት፣ ማሽኑ ይበልጣል። ቀድሞ መዋጋት የሚሠራው የሚቆጠረው ነገር ጥልቅና ጠባብ ሲሆን፣ ማለትም አንድ ብቻ ትክክለኛ መልስ ያለውና ያ መልስ ከሩቅ የማይታይ ሲሆን ነው።

ያ የሆነው በአራተኛው ጨዋታ ነው፣ ጊዜ ሰጥቶ ማየት ይገባል። ሊ በነጭ ተጫወተ። ስልቱ ጃፓኖች አማሺ የሚሉት ነው፦ በማዕዘንና በጠርዝ የተረጋገጠ ነጥብ ሰብስቦ መሀሉን ለተቃዋሚ መተው፣ በኋላም ያንን መሀል ገብቶ ማፍረስ። አልፋጎ በመሀል ትልቅ ግዛት ገነባ። ሊ ግን በዙሪያው ያሉትን ጉድለቶች አልነካቸውም፤ እንዳሉ ተዋቸው። ከዚያ 78ኛዋን ጠጠር በሁለት ጥቁር ጠጠሮች መካከል እንደ ሽብልቅ ሰነቀራት።

በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ በርካታ የጥቁር ጉድለቶች ተገናኝተዋል፤ እዚህ መቆረጫ አለ፣ እዚያ መተንፈሻ (በአጠገቡ ያለ ባዶ ነጥብ) ያጠረው ቡድን አለ። ጥቁር ከአንዱ ጎን ቢይዝ ሌላው ይከፈታል። የፕሮግራሙ ኔትወርክ ለዚህች ጠጠር የሰጣትም ዕድል ከ10,000 አንድ ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ፍለጋው በዚያ ቅርንጫፍ ላይ ብዙ አልደከመም። የዲፕማይንድ ኃላፊ ዴሚስ ሐሳቢስ በዕለቱ እንደተናገረው አልፋጎ 79ኛው ላይ ተሳሳተ፣ መሳሳቱን ያወቀው ግን 87ኛው አካባቢ ነው። በ180 ጠጠር እጅ ሰጠ።

ይህን በራስዎ ጨዋታ ለመሞከር የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ከመግባትዎ በፊት ይቁጠሩ። መሀሉ ቢፈርስ ያሸንፋሉ? ፈርሶም የሚሸነፉ ከሆነ ጠርዝ ላይ የሰበሰቡት አንሷልና አሁኑኑ አንድ ትልቅ ቦታ ይያዙ። መሀሉ በከፊል ቢቀነስ ብቻ የሚያሸንፉ ከሆነ ደግሞ ሽብልቅ አያስፈልግም፤ ከሩቅ ሆነው ይቀንሱ።

ቢያንስ ሁለት ጉድለት የሚጋራ ነጥብ ይፈልጉ። አንድ መቆረጫ ብቻ ካለ ፕሮግራሙ ይዘጋዋል፣ እርስዎም ጠጠር ጥለው ይቀራሉ።

አታሪ (ተቃዋሚውን አንድ መተንፈሻ ብቻ የሚያስቀር ጠጠር) አያባክኑ። አማተሮችን የሚጎዳው ዋናው ይህ ነው። ተቃዋሚን «መልስ» የሚያሰኝ ጠጠር ሁሉ የሚጠቅም ይመስላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ልውውጥ አንድ ጉድለት ይደፍንለታል፣ ቦታውንም ለፍለጋው ግልጽ ያደርግለታል። ሳይነካ የተቀመጠ ዕድል አጂ ይባላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ አጂውን ቀድሞ የጨረሰ ሰው 78ኛዋን የሚያስቀምጥበት ቦታ አያገኝም።

ጊዜ ይቆጥቡ። በሴኡል ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተሰጠው ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ 60 ሴኮንድ ነበር። ማሽኑ አይደክምም፤ እርስዎ ግን ለአንዷ ወሳኝ ቦታ ከጠቅላላ ጊዜዎ አንድ ሦስተኛውን ማስቀረት አለብዎት።

ከተሳካልዎት በኋላ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። የተሸነፈ ፕሮግራም ትርጉም የሌላቸው የሚመስሉ ጠጠሮችን ይጥላል፤ አልፋጎም ያን ቀን እንዲሁ አደረገ። ሁሉም መንገድ ወደ ሽንፈት ሲወስድ፣ ተቃዋሚው መልስ ቢረሳ ብቻ የሚሠራውን ይመርጣል። በጣም ቀላሉን መልስ ይስጡ። ተጨማሪ ቡድን ልግደል ብሎ መስገብገብ እዚህ ላይ የተገኘውን ጨዋታ መልሶ ያስረክባል።

ሐቁ እንዲህ ነው፦ 78ኛዋ በትክክል ቢመለስላት አትሠራም ነበር፤ ከጨዋታው በኋላ የተደረገው ምርመራ ይህን አሳይቷል። ዛሬ ያሉት ፕሮግራሞች ደግሞ ከዚያ አልፋጎ እጅግ የጠነከሩ ናቸው። ስለዚህ አማሺ በሙሉ ጉልበቱ ያለ ካታጎን ያስጥላል ብሎ ማሰብ ከንቱ ነው። ጉልበቱ ሲቀነስና ከሰው ጋር ሲሆን ግን ይሠራል፤ ተሸንፈው እንኳ ከየትኛውም ስልት የበለጠ ያስተምራል።

ሁለት ማስተካከያዎች ይጨመሩ። በአምስተኛው ጨዋታ አልፋጎ በታችኛው ቀኝ ማዕዘን የታወቀ የመጭመቂያ ብልሃት ሳያይ ቀርቶ ነጥብ ጣለ፤ ሊ መሪነቱን ያዘ፣ በኋላ ግን ቀስ በቀስ ተበለጠ። በአንድ ማዕዘን ማትረፍ ጨዋታ ማሸነፍ አይደለም፤ ከትርፍ በኋላ የሚመጣው መዘናጋት ነው የሚጎዳው። ኬ ጄ ደግሞ በሁለተኛው ጨዋታ ብዙ ያልተቋጩ ውጊያዎችን በመላው ሰሌዳ አያያዘ። በአልፋጎ ግምት የመጀመሪያዎቹ 50 ጠጠሮች እንከን አልነበራቸውም። ሆኖም በ155 ጠጠር እጅ ሰጠ፤ ማሽኑ አንዱን ቡድን በሌላው እየለወጠ ነገሩን አቃለለው። ከማሽን ጋር ሲወሳሰቡ «ምን ይለውጠኛል?» የሚለውን በየውጊያው ይጠይቁ።

ቀለበቱ

በ2022 እና በ2023 ተመራማሪዎች ካታጎን ለማሸነፍ ብቻ የሠለጠነ ሌላ ፕሮግራም ሠሩ። ያገኘው ቀዳዳ አስገራሚ ነው። ትንሽ ሕያው ቡድን ይሠራሉ፤ ፕሮግራሙ ዙሪያውን እየከበበ ሲሄድ ጠጠሮቹ ተያይዘው ቀለበት ይሆናሉ፤ እርስዎ በቀስታ ያንን ቀለበት ከውጭ ይከብባሉ፣ በመሀሉም ሌላ ቦታ እየተጫወቱ ያዘናጉታል። ፕሮግራሙ ቀለበቱ የማይሞት ይመስለዋል፤ ሊበላ ሲቃረብ ብቻ ይነቃል። አማተሩ ኬሊን ፔልሪን ብልሃቱን አጥንቶ፣ በጨዋታው ላይ ያለ ኮምፒውተር እገዛ፣ ከ15 ጨዋታ 14ቱን አሸንፏል። በኋላ ካታጎ በእነዚህ ቅርጾች ላይ ሠልጥኖ ተሻሽሏል፣ ቀዳዳው ግን ሙሉ በሙሉ አልተደፈነም። ለመዝናናት ይሞክሩት። ከሰው ጋር ግን አይሠራም፤ ማንኛውም ደህና ተጫዋች ቀለበቱ እየተከበበ መሆኑን ያያል።

ሁለት ጠጠር ተቀብሎ መግጠም

ዛሬ ባለሙያ ከፕሮግራም ጋር እኩል አይገጥምም፤ ቅድሚያ ጠጠር ይቀበላል፤ ማለትም ጨዋታው ሳይጀመር ሰሌዳው ላይ ጠጠሮች ይቀመጡለታል። በጃንዋሪ 2018 የቴንሰንት ፕሮግራም ፋይን አርት ለኬ ጄ ሁለት ጠጠር ሰጥቶ አሸንፎታል። ሊ ሴዶል በዲሴምበር 2019 ከኮሪያው ሃንዶል ጋር ሲሰናበት በሁለት ጠጠር የመጀመሪያውን አሸነፈ፣ እኩል ሲጫወቱ ተሸነፈ፣ ሦስተኛውን እንደገና በሁለት ጠጠር ተሸነፈ።

እርስዎ ሁለት ሳይሆን ስድስት ወይም ዘጠኝ ይቀበሉ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ቅድሚያ የተቀበለ ሰው የሚሸነፈው ያለውን ለመጠበቅ ሲል በየአካባቢው መልስ እየሰጠ በመከተል ነው። ነጭ አንድ ጠጠር ባስቀመጠ ቁጥር ከመመለስዎ በፊት «ባልመልስስ ምን አጣለሁ?» ይበሉ፤ ከአሥር ነጥብ በታች ከሆነና ሌላ ትልቅ ቦታ ካለ ወደዚያ ይሂዱ።

ጨዋታውን መመርመሪያ

ካትሬን የተባለው ነፃ ፕሮግራም ካታጎን ይዞ ይመጣል። አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ላይ የኦፕን ሲ ኤል ቅጂውን ይጠቀሙ፤ መጀመሪያ ሲከፈት ራሱን ከካርዱ ጋር ለማስማማት ብዙ ደቂቃ ይፈጃል፣ ተበላሽቷል ብለው እንዳይዘጉት። ካርድ ለሌለው ላፕቶፕ አይገን የሚባለውን ቅጂና አነስተኛ ኔትወርክ ይምረጡ።

የሊን አራተኛ ጨዋታ የኤስ ጂ ኤፍ (የጎ ጨዋታ መመዝገቢያ) ፋይል ይክፈቱ፣ ደንቡን ቻይና፣ ኮሚውን 7.5 ያድርጉ። ለሁሉም ጠጠር 500 ቪዚት ይበቃል፤ ቪዚት ማለት ለአንድ ቦታ የሚደረግ የፍለጋ ብዛት ነው። 77ኛው ላይ ሲደርሱ ግምገማውን ይሰውሩና በወረቀት ላይ ሦስት ዕጩ ጠጠሮች ይጻፉ። ከዚያ ግምገማውን ከፍተው ቪዚቱን ወደ 10,000 ያሳድጉ። የሚጠቅመው የተመረጠችዋን ጠጠር ማየት ሳይሆን የእርስዎ ዕጩ ለምን እንደወደቀ ማየት ነው፤ ስለዚህ የራስዎን ያስቀምጡና ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚቀጣት እስከ መጨረሻው ይከተሉ።

የራስዎን ጨዋታ ሲመረምሩ ከሦስት ነጥብ በላይ ያጡባቸውን ጠጠሮች ብቻ ይዩ። ከአንድ ነጥብ በታች ያለው ልዩነት ለአማተር ጫጫታ ነው። የማሸነፍ መቶኛውንም በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ፕሮግራሙ ያለ ስሕተት እንደሚቀጥል አስቦ ስለሚገምት በመክፈቻ ላይ የሁለት ነጥብ ልዩነት እንኳ መቶኛውን በእጅጉ ያወዛውዘዋል። ነጥቡ የበለጠ ይናገራል። ቪዚቱ ትንሽ ሲሆን ደግሞ ረጅም መሰላል (በተከታታይ አታሪ የሚደረግ ማሳደድ) እና የመተንፈሻ ውድድር ላይ ይሳሳታል፤ ግምገማው በድንገት በ20 ነጥብ ከዘለለ ያቁሙና በብዙ ቪዚት ይድገሙት።

ለልምምድ ተቃዋሚ ከፈለጉ በ2024 የወጣውን ሰው መሰል የካታጎ ኔትወርክ ይሞክሩ። ከ20 ክዩ (የጀማሪ ደረጃ) እስከ 9 ዳን (ከፍተኛው ደረጃ) ያሉ ተጫዋቾችን አጨዋወት፣ ስሕተታቸውን ጭምር፣ ይኮርጃል። ከእርስዎ ሁለት ደረጃ ከፍ አድርገው ይጀምሩ፤ በዚያ ደረጃ አማሺ ብዙ ጊዜ ይሳካል፣ ሲከሽፍም ያከሸፈችው ጠጠር የትኛዋ እንደሆነች ለማግኘት ቀላል ነው።